የአናባቢ ስምምነት ጥናት ሲሰናከል፦ ችግርና መፍትሄ

ምልክት፦ በቃላት ዝርዝር ላይ የታየው የአናባቢ ስምምነት (በአንድ ቃል ያሉ አናባቢዎች በአንድ ባሕርይ መመሳሰላቸው)፣ ቃላቱ ቅጥያ ሲይዙ ይጠፋል።

ጅማ ውስጥ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎችን የፎኖሎጂ (የቋንቋ ድምፆች ሥርዓት ጥናት) ረቂቅ ሳነብ ከሁሉ በላይ ደጋግሜ የማገኘው ጉድለት ይህ ነው። መንስኤው መረጃው ከመዝገበ ቃላት ብቻ መለቀሙ ነው። በአንድ ግንድ ውስጥ ተመሳሳይ አናባቢዎች መገኘታቸው ስምምነት መኖሩን አያረጋግጥም፤ ስምምነቱ በታወቀው በቱርክኛ እንኳ «ኪታፕ» (መጽሐፍ) የፊት አናባቢ («ኢ»፣ ምላስ ወደፊት ሲል የሚነገር) እና የኋላ አናባቢ («ኣ»፣ ምላስ ወደኋላ ሲል የሚነገር) ቀላቅሎ ይዟል። ሕጉ የሚገለጠው በብዙ ቁጥር ቅጥያው ነው፦ «ኤቭ» (ቤት) «ኤቭሌር» ሲሆን «ኪታፕ» ግን የመጨረሻ አናባቢውን ተከትሎ «ኪታፕላር» ይሆናል። በአፋን ኦሮሞ ግን «ጅማቲ» ብንልም «ፊንፊኔቲ» ብንል የቦታ አመልካቹ «ቲ» አናባቢውን አይለውጥም።

አንድ ተማሪ «ወንድም»ንና «ወርቅ»ን ጠቅሶ፣ የመጀመሪያው አናባቢ ወደ «ኦ» ስለሚጠጋ አማርኛ የክብ አናባቢ (ከንፈር ክብ ሆኖ የሚነገር) ስምምነት አለው የሚል ሙሉ ምዕራፍ ጽፎ መጣ። «ወርቅ» ውስጥ ያለው አናባቢ አንድ ብቻ ነው፤ «ር» እና «ቅ» የቆሙት ለተነባቢ ብቻ ስለሆነ የሚስማማበት ሌላ አናባቢ የለም። ክብነቱን ያመጣው አጠገቡ ያለው ተነባቢ «ው» ነው። የወራት ልፋት እንዲህ ሲባክን ማየት ያሳዝናል።

መፍትሄ፦ ገና ከመስክ ሥራው መጀመሪያ አንድ ቅጥያ መርጣችሁ የመጨረሻ አናባቢያቸው የተለያየ ግንዶች ላይ ሁሉ ጨምሩና አስነብቡ። ቅጥያው ካልተለወጠ፣ ያገኛችሁት የግንድ ውስጥ የአናባቢ ስርጭት መሆኑን ጻፉ። ተነባቢ የሚያመጣውን ለውጥም ለብቻው ለዩ።

ምልክት፦ በተናጋሪው አፍ የሚሰማው ልዩነት በጽሑፍ አይታይም።

መንስኤው የአጻጻፍ ሥርዓቱ ነው። ሶማልኛ በ1972 እ.ኤ.አ. የተቀበለው የላቲን ፊደል አምስት የአናባቢ ፊደላት ብቻ ሲኖሩት ቋንቋው በምላስ ሥር አቀማመጥ ጭምር አሥር የአናባቢ ጥራት ይለያል። መፍትሄው ድምፅ ቀድቶ የመጀመሪያውን ፎርማንት (አፍ ውስጥ የሚጎላውን የድምፅ ድግግሞሽ) መለካት ነው፤ የምላስ ሥር ወደፊት ሲገፋ ይህ ፎርማንት ዝቅ ይላል። የተለያዩ ተናጋሪዎችን ጥሬ ቁጥር አትደባልቁ። በጅማ ክረምት ዝናብ ቆርቆሮ ላይ እየወረደ የተቀዳ ድምፅ ደግሞ ለልኬት አይሆንም፤ እስኪያባራ ጠብቁ።

ምልክት፦ አንድ ቃል ብቻውን ሕጉን ይጥሳል።

የውሰት ቃል መሆኑን አጣሩ፤ ከዐረብኛ የመጣው የቱርክኛ «ሳአት» (ሰዓት) በ«ሳአትላር» ፈንታ «ሳአትሌር» ይላል። በፊንላንድኛ ደግሞ «ኢ» እና «ኤ» ገለልተኛ ስለሆኑ ከፊትም ከኋላም አናባቢዎች ጋር ይገኛሉ፤ ይህ ሕግ መጣስ አይደለም።