ባይኖኩላራችንን ከእንፋሎት ያላቀቅንበት መንገድ
ከጓደኞቼ ጋር ወፎችን ለመመልከት ወደ ሞቃታማ የዝናብ ደን በሄድንበት ዕለት፣ ከመኪናው እንደወረድን የሁላችንም ባይኖኩላር (ሩቁን አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር) በእንፋሎት ተሸፍኖ በዛፎቹ አናት ላይ የሚንጫጩትን ወፎች ማየት አልቻልንም። ምክንያቱ በመኪናው ማቀዝቀዣ የቀዘቀዘው ሌንስ እርጥበት የበዛበትን የደኑን አየር ሲያገኝ፣ በአየሩ ውስጥ ያለው የውሃ ተን በላዩ ላይ ወደ ጠብታነት መለወጡ ነበር። በሸሚዝ መጥረግ የሌንሱን ሽፋን ሊጭር ይችላል፤ ሌንሱ እስካልሞቀ ድረስም እንፋሎቱ ወዲያው ይመለሳል። ስለዚህ ባይኖኩላሮቹን ጥላ ሥር አንጠልጥለን የአካባቢውን ሙቀት እስኪይዙ ጠበቅን፤ እንፋሎቱም በራሱ ጠፋ። አሁን ግን ከመድረሳችን በፊት ማቀዝቀዣውን አጥፍተን መስኮቶቹን እንከፍታለን። ውስጡ በናይትሮጅን፣ ማለትም እርጥበት በሌለው ጋዝ፣ የተሞላ ባይኖኩላር ቢሆን እንኳ ከእንፋሎት የሚጠበቀው ውስጡ ብቻ ነው፤ ውጫዊ ገጹ እንደማንኛውም መስታወት ነው።