የካርድ ዕዳ ድርድር፦ አሜሪካ ለገባችሁ የጎንደር ልጆች

እኔ አሁን የምኖረው ጎንደር፣ ማራኪ ሰፈር ነው። አሜሪካ ብዙ ዓመት ሠርቼ ተመልሻለሁ። ግን ስለ ክሬዲት ካርድ የሚጠይቀኝ ሰው እዚያ ከነበርኩበት ጊዜ ይልቅ አሁን በዝቷል። ዋሽንግተን ሰው ከሥራ ሲወጣ እዚህ ሌሊት ነው፤ ስልኬም የሚጮኸው ያኔ ነው። «ካርዱ ስድስት ሺህ ገባ፣ በየቀኑ ይደውሉብኛል፣ ቁጥሬን ልቀይር ወይ?» ለእያንዳንዱ ከምመልስ አንዴ ልጻፈውና ይለይልኝ።

ቁጥር አትቀይሩ። ባለፈው አንዲት እናት ከአዘዞ ድረስ መጥተው «ልጄ ስልኩ ጠፋብኝ፣ ምን ሆኖ ይሆን?» አሉኝ። ልጁ ደህና ነው። ዕዳ ሰብሳቢዎችን ሽሽት ሲም ካርዱን ጥሎ እናቱንም አብሮ ጣለ። ዕዳው ግን የሚከተለው በሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥሩ እንጂ በስልኩ አይደለም። ደብዳቤውም፣ መጥሪያውም ወደ አሮጌ አድራሻው ሄደ። ያተረፈው ነገር ቢኖር የእናቱን እንባ ነው።

ፍርሃቱ ደግሞ ያለ ቦታው ነው። የካርድ ዕዳ መክፈል አለመቻል አሜሪካ ውስጥ ወንጀል አይደለም። አያሳስርም። በዚህ ብቻም ከአገር አትባረሩም። «ፖሊስ እንልካለን፣ ለኢሚግሬሽን እንናገራለን» የሚል ሰብሳቢ ራሱ ሕግ እየጣሰ ነው። እነዚህን ሰዎች የሚገዛ የፌዴራል ሕግ እ.ኤ.አ. ከ1977 ጀምሮ አለ። እናንተ ባላችሁበት ቦታ፣ በእኛ ሰዓት አቆጣጠር ከጠዋቱ 2 በፊትና ከምሽቱ 3 በኋላ መደወል አይችሉም። ለአንድ ዕዳ በ7 ቀን ውስጥ ከ7 ጊዜ በላይ ከደወሉ እንደ ማዋከብ ይቆጠርባቸዋል። በሐሰት ማመልከቻ ወይም በሰው ስም ካርድ ያወጣ ሰው ካለ ግን የእሱ ጉዳይ ሌላ ነው። ጠበቃ ይፈልግ፣ እኔ ጋ አይደውል።

ዕዳው ከየት እንደሚመጣ እዚህ ቁጭ ብዬ አየዋለሁ። ተዝካር አለ፣ የእህት ሠርግ አለ። ጥር ሲደርስ ደግሞ «ጥምቀትን ጎንደር» ይባላል። ቲኬቱ በካርድ፣ የዘመድ ልብሱ በካርድ፣ ሆቴሉ በካርድ። የፋሲል መዋኛው ፎቶ ተለጥፎ ሳያልቅ የካቲት ላይ ስቴትመንቱ ይመጣል። ከሁሉ የባሰው በክሬዲት ካርድ ገንዘብ ወደ አገር ቤት መላክ ነው። ብዙ ባንኮች ይህን ጥሬ ገንዘብ እንደማውጣት ይቆጥሩታል። የራሱ ኮሚሽን አለው፤ ወለዱም ከዚያው ቀን ጀምሮ ይሠራል። ዕቃ ስትገዙ የምታገኙት የእፎይታ ጊዜ እዚህ የለም። ለቤተሰብ «ዘንድሮ የለኝም» ማለት ያማል፤ አውቃለሁ። ግን በሉት።

«ሚኒመሙን (ባንኩ በየወሩ ግድ የሚለውን ትንሹን ክፍያ) እየከፈልኩ ነው» የምትሉ ደግሞ ስቴትመንቱን አውጥታችሁ እዩት። 6,000 ዶላር ዕዳ በዓመት 24 ከመቶ ሲወልድ በወር 120 ዶላር ገደማ ወለድ ነው። 180 ዶላር ብትከፍሉ ዕዳው የቀነሰው በ60 ዶላር ብቻ ነው። በዚያው ወር ገበያ ወጥታችሁ በካርዱ 60 ዶላር ካጠፋችሁ ባላችሁበት እየረገጣችሁ ነው።

ወደ ድርድሩ ስንገባ መጀመሪያ የሚጠየቀው ዕዳው አሁን በማን እጅ ነው የሚለው ነው። ይህን ሳያውቅ የሚደራደር ሰው ከማን ጋር እንደሚያወራም አያውቅም።

ገና ባንኩ ጋ ከሆነ ሳትዘገዩ ደውሉ። እኛ አገር ዕዳ ሲከብድ ሽማግሌ ይላካል፤ እዚያ ሽማግሌው ከካርዱ ጀርባ ያለው ስልክ ቁጥር ነው። ደውላችሁ «ሀርድሺፕ ፕሮግራም አላችሁ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ለተቸገረ ደንበኛ ክፍያ የሚያቀሉበት መንገድ ነው። ይህችን ስም ካልጠራችሁ መጀመሪያ ያነሳው ልጅ «መቼ ትከፍላለህ?» እያለ ያዞራችኋል። በወር ምን እንደሚገባችሁ፣ ኪራይ ስንት እንደሆነ፣ ለዚህ ካርድ ስንት እንደሚተርፍ በወረቀት ላይ ይኑራችሁ። ወለዱ ስንት ይወርዳል፣ ለስንት ወር፣ የመዘግየት ቅጣቱ ይነሳል ወይ፣ የሰውን የዕዳ ታሪክ ለሚመዘግቡት ክሬዲት ቢሮዎች ምን ተብሎ ይላካል፤ ይህን ሁሉ ጠይቁ። ካርዱን ሊዘጉት ይችላሉ። ይዝጉት። የማትችሉትን ቃል ግን አትግቡ። አንድ ክፍያ ከሳታችሁ ስምምነቱ ሊፈርስ ይችላል።

እንግሊዝኛችሁ ካልጠነከረ አስተርጓሚ ጠይቁ፤ ከሌላቸው የምታምኑት ትልቅ ሰው አጠገባችሁ ይቀመጥ። የ12 ዓመት ልጃችሁን ስለ አባቱ ዕዳ እንዲያስተረጉም ስልክ ላይ አታስቀምጡት። ያሳፍራል፣ ለልጁም ሸክም ነው።

ብዙ ካርድ ላለበትና ደሞዙ ለማይቋረጥ ሰው ለትርፍ ያልተቋቋሙ የክሬዲት አማካሪዎች አሉ። ኤን ኤፍ ሲ ሲ በሚባለው ብሔራዊ ማኅበራቸው በኩል ይገኛሉ። ዋናውን ዕዳ አያስቀንሱላችሁም፤ ወለዱን አስወርደው ሁሉንም በአንድ ወርሃዊ ክፍያ ከ3 እስከ 5 ዓመት ያስጨርሷችኋል። አሰልቺ ነው። እኔ ግን ለአብዛኛው ሰው የምመክረው ይህንኑ ነው።

ሳትከፍሉ ወደ 180 ቀን ከሞላችሁ ባንኩ ዕዳውን ከመዝገቡ እንደ ኪሳራ ያወጣዋል። ለእናንተ ግን ዕዳው እንዳለ ነው። ወይ ለሰብሳቢ ይሰጠዋል፣ ወይ ይሸጠዋል። የሚሸጠውም በርካሽ ነው። የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው ጥናት ገዢዎቹ ለአንድ ዶላር ዕዳ የከፈሉት በአማካይ 4 ሳንቲም ገደማ ነው። ስለዚህ ሰውዬው 6,000 ዶላር ብሎ ሲጮህባችሁ በስንት ሊገዛው እንደሚችል አስቡ። ከግማሽ በታች ብትጠሩለት አይሞትም። ዝቅ ብላችሁ ጀምሩ። ያላችሁን ሁሉ ቀድማችሁ አትናገሩ። ከየወሩ ቁርጥራጭ ይልቅ በአንድ ጊዜ የሚከፈል ገንዘብ ያጓጓቸዋል። እቁብ የምትጥሉ ሰዎች ዕጣው ሲደርሳችሁ መኪና ከመቀየር በፊት ይህን አስቡት።

ግን ዕዳው የእናንተ መሆኑን ሳታረጋግጡ አንድ ሳንቲም አትጥሩ። የእኛ ስም ሦስት ነው፣ እነሱ ሁለት ይፈልጋሉ፤ አንዱ ቢሮ በአባት ስም፣ ሌላው በአያት ስም ይመዘግባችኋል። የሌላ ሰው ዕዳ በስም መመሳሰል የሚመጣበት ሰው ጥቂት አይደለም። ሰብሳቢው መጀመሪያ ባነጋገራችሁ በ5 ቀን ውስጥ የዕዳውን ዝርዝር መላክ አለበት። ከዚያ 30 ቀን አላችሁ። በጽሑፍ ከተከራከራችሁ ማስረጃ እስኪያመጣ ድረስ መሰብሰቡን ያቆማል። ደብዳቤውን በሰርቲፋይድ ሜይል ላኩ፣ የደረሰበትን ደረሰኝ አስቀምጡ። የክሬዲት ሪፖርታችሁንም አኑዋል ክሬዲት ሪፖርት ዶት ኮም ላይ በየሳምንቱ በነፃ ማየት ይቻላል። የሚያስከፍላችሁ ካለ ገጹን ተሳስታችኋል።

አሁን በእኔ ላይ የደረሰውን ልንገራችሁ፤ እዚህ ላይ ቀስ ብላችሁ አንብቡ።

አንድ አሮጌ የካርድ ዕዳ ነበረብኝ፣ ተሽጧል። የደወለው ሰው ጨዋ ነበር። «40 ከመቶውን በአንድ ጊዜ ክፈል፣ ፋይሉን እንዘጋለን፤ ግን ዛሬ ብቻ ነው» አለኝ። ደብዳቤ ላክልኝ አልኩት። «ከክፍያው በኋላ በፖስታ ይመጣል፣ ስልኩ እየተቀዳ ነው፣ አይዞህ» አለ። የባንክ ሂሳብ ቁጥሬን ሰጠሁት። ገንዘቡ በማግስቱ ወጣ። ደብዳቤው አልመጣም። ስደውል «ያ ሠራተኛ ለቋል» ተባልኩ። በዓመቱ ስሙን ሰምቼ የማላውቀው ሌላ ድርጅት የቀረውን 60 ከመቶ ከነወለዱ ክፈል ብሎ ጻፈልኝ። የባንክ ስቴትመንቴን ላክሁ። «አዎ፣ ከፍለሃል፤ ግን ይህ ከዕዳው ላይ የተከፈለ እንጂ ዕዳውን የዘጋ መሆኑን የሚያሳይ ነገር የለም» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር፣ ወረቀት የለኝም። ተቀዳ የተባለውን ስልክ ማን ያመጣልኛል? ወራት ከተጻጻፍን በኋላ እንደገና ከፈልኩ።

በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል ይባል የለ? ደብዳቤው መቅደም አለበት። ደብዳቤው ላይ የመጀመሪያው ባንክ ስም፣ የሂሳቡ የመጨረሻ አራት ቁጥሮች፣ የዕዳው የአሁን ባለቤት፣ የተስማማችሁበት መጠንና የመክፈያ ቀን ይኑር። ከሁሉም በላይ «ይህ ሲከፈል ዕዳው ሙሉ በሙሉ ይዘጋል፣ ቀሪው አይጠየቅም፣ ለሌላም አይሸጥም» የሚል ዓረፍተ ነገር ይኑርበት። «ከዕዳው ላይ እንቀበላለን» ብቻ ካለ መልሱለት። «ዛሬ ብቻ» የሚባል ቅናሽ የለም፤ በሚቀጥለው ወር ደግመው ይደውላሉ፣ አንዳንዴም ዋጋውን ዝቅ አድርገው።

አከፋፈሉም እንደዚያው ነው። ደሞዝ የሚገባበትን ሂሳብ ቁጥር በስልክ አትስጡ። ካሺየርስ ቼክ ወይም መኒ ኦርደር ላኩ፣ ፎቶ አንስታችሁ። ወይም ሌላ ትንሽ ሂሳብ ከፍታችሁ የተስማማችሁበትን ብቻ አስገቡበት። ከከፈላችሁ በኋላ ዕዳው መዘጋቱን የሚያረጋግጥ ሌላ ደብዳቤ ጠይቁ። ሁለቱን አትጣሉ። ቤት ስትቀይሩም ይዛችሁ ሂዱ።

በቅናሽ የዘጋችሁት ዕዳ ሪፖርታችሁ ላይ ሙሉውን እንደከፈለ ሰው አያሳያችሁም። መክፈል ካቆማችሁበት ጊዜ ጀምሮ 7 ዓመት ይቆያል። ይቆይ፤ ዓለም አያልቅም።

ታክሱ ግን ሰው ያስለቅሳል። የተቀነሰላችሁ 600 ዶላርና ከዚያ በላይ ከሆነ አበዳሪው 1099-ሲ የሚባል ቅጽ ይልካል፤ የአሜሪካ ታክስ መሥሪያ ቤት የሆነው አይ አር ኤስም እንደ ገቢ ያየዋል። 6,000ው በ2,400 ካለቀ ቀሪው 3,600 ገቢ ነው ማለት ነው። 12 ከመቶ እርከን ላይ ላለ ሰው 432 ዶላር የፌዴራል ታክስ ነው። በዚያን ጊዜ ዕዳችሁ ካላችሁ ንብረት ሁሉ በልጦ ከነበረ፣ በበለጠው መጠን በፎርም 982 ከታክሱ ነፃ መሆን ይቻላል። ንብረት ሲባል ግን ሁሉም ይቆጠራል፤ እዚህ ጎንደር በስማችሁ ያለውም ቤት። ስለዚህ ታክስ ለሚሠራላችሁ ሰው አትደብቁት።

«ዕዳህን በግማሽ እናስቀንስልሃለን» የሚሉ ድርጅቶች በአማርኛ ሲያስተዋውቁ ብትሰሙም አትቸኩሉ። እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ በስልክ ደንበኛ የሚይዙ እነዚህ ድርጅቶች አንድም ዕዳ ሳያስጨርሱ አስቀድመው ክፍያ እንዳይወስዱ ተከልክለዋል። መጀመሪያ ገንዘብ ከጠየቁ ስልኩን ዝጉት። የማይጠይቁትም ቢሆኑ ብዙ ጊዜ የሚመክሩት «ለባንኩ መክፈል አቁም» ነው። እስከዚያ ወለዱ ይቆጥራል፣ ክሱም ይመጣል። እነሱ የሚደውሉትን ስልክ እናንተም መደወል ትችላላችሁ።

ዓመታት ያለፉት ዕዳ ላይ ደግሞ ጥንቃቄ። የመክሰሻው ጊዜ እንደየስቴቱ ይለያያል፤ በአብዛኛው ከ3 እስከ 6 ዓመት ነው። ያ ካለፈ ሰብሳቢው መክሰስም፣ እከሳለሁ ብሎ ማስፈራራትም አይችልም። ግን በብዙ ስቴቶች ትንሽ ክፍያ ሰዓቱን ከዜሮ ታስጀምረዋለች። «እስቲ ለቅን ልቦና 20 ዶላር ብቻ» የሚሏችሁ ለዚህ ነው። የስቴታችሁን ሕግ ሳታዩ ሃያዋን አትስጡ።

የፍርድ ቤት መጥሪያ ከመጣ ድርድሩ ላይ ብትሆኑም መልስ ስጡ። ስልክ ላይ «ተስማምተናል፣ መምጣት የለብህም» ቢሏችሁም መዝገቡ መዘጋቱን ከፍርድ ቤቱ እስክታረጋግጡ ድረስ አትመኑ። ካልመለሳችሁ ዳኛው በሌላችሁበት ይፈርዳል። ከዚያ በኋላ በብዙ ስቴቶች ከእያንዳንዱ ደሞዛችሁ፣ ታክሱ ከተቆረጠ በኋላ ካለው እስከ 25 ከመቶ ሊወስዱ ይችላሉ። የመልሱ ቀን ወረቀቱ ላይ ተጽፏል፤ ጠበቃ መክፈል ካልቻላችሁ መጥሪያው በደረሳችሁ ሳምንት በአካባቢያችሁ ያለውን ነፃ የሕግ አገልግሎት ጠይቁ።