ከዊንዶውስ 11 ማሻሻያ በኋላ መሥራት ያቆመ የኮምፒውተር ዕቃን ስለ ማስተካከል

በድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ባለ የጽሕፈትና ፎቶኮፒ ቤት ውስጥ፣ ከዊንዶውስ 10 ወደ ዊንዶውስ 11 የተሸጋገረ ኮምፒውተር ፕሪንተሩን አላይ ቢል፣ አዲስ ዕቃ ለመግዛት መቸኮል አይገባም፤ አብዛኛውን ጊዜ የተበላሸው ዕቃው ሳይሆን ድራይቨሩ፣ ማለትም ዕቃውን ከዊንዶውስ ጋር የሚያግባባው ሶፍትዌር ነው።

በቅድሚያ ኮምፒውተሩን ሪስታርት ያድርጉት። ፋስት ስታርትአፕ (ኮምፒውተሩ ቶሎ እንዲነሣ የሚያደርገው አሠራር) በበራበት ማሽን ላይ ሻት ዳውን ማድረግ ሥርዓቱን ሙሉ በሙሉ ስለማያጠፋው አይበቃም።

ይህ ካልረዳ የስታርትን ምልክት በቀኝ ክሊክ ተጭነው ዲቫይስ ማኔጀርን ይክፈቱ። ቢጫ ምልክት ያለበትን ዕቃ ሁለት ጊዜ ክሊክ አድርገው፣ ድራይቨር በሚለው ገጽ ላይ ወደ ቀድሞው ድራይቨር የሚመልሰው ሮል ባክ ድራይቨር የሚለው ቁልፍ ካልደበዘዘ ይጫኑት። ከደበዘዘ ግን ዲቴይልስ ከሚለው ገጽ ሃርድዌር አይዲን መርጠው የሚወጣውን መለያ ይቅዱ፤ የአምራቹንና የዕቃውን ኮድ ስለሚይዝ፣ ትክክለኛውን ድራይቨር ከአምራቹ ድረ ገጽ ለመፈለግ በዕቃው ላይ ከተለጠፈው ስም ይበልጥ አስተማማኝ ነው። ድራይቨር በነጻ እናድሳለን የሚሉ ፕሮግራሞችን ግን ፈጽሞ አልመክርም፤ ያልተፈለገ ሶፍትዌር ይዘው ሊገቡ ይችላሉ።

የጠፋው ዋይፋዩ ራሱ ከሆነ፣ ድራይቨሩን ለማውረድ የአንድሮይድ ስልክን በገመድ አገናኝተው ዩኤስቢ ቴተሪንግን (የስልኩን ኢንተርኔት በገመዱ ለኮምፒውተሩ የሚያካፍለውን) ያብሩ። የሞባይል ዳታው እንዳያልቅ የዊንዶውስ አፕዴትን ለጊዜው ማቆም ተገቢ ነው።

ሁሉም ካልሆነና ከማሻሻያው በኋላ 10 ቀን ካላለፈ፣ ሰነዶችዎን በፍላሽ ገልብጠው በሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ ሪከቨሪ ውስጥ ወደ ዊንዶውስ 10 የሚመልሰውን ጎ ባክ የሚለውን ይምረጡ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ስላቆመ፣ ይህን የሚያደርጉት ተስማሚ ድራይቨር እስኪያገኙ ብቻ ይሁን።