ከጓሮ ዛፍ የተቆረጠ እንጨት ከግንዱ እስከ ጭራሮው ለምን ለምን ይውላል?

ጓሮ ውስጥ ዛፍ ሲቆረጥ ወይም ሲገረዝ እንጨቱ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ጥግ ተቆልሎ ይከርማል። ከወራት በኋላ ሲታይ ጫፉ ተሰንጥቋል፣ ቅርፊቱ ሥር ነቀዝ ገብቷል፣ መሬት የነካው ወገን በስብሷል። ያን ጊዜ ከማገዶነት የሚያልፍ ጥቅም የለውም። የእንጨቱን ዕጣ የሚወስኑት የተቆረጠበት ቀንና የሚከተሉት ጥቂት ቀናት ናቸው፤ ስለዚህ ሥራው መጋዝ ከመነሳቱ በፊት ይጀምራል።

1. ርዝመቱን አስቀድመው ይወስኑ

ዛፍ ቆራጮች ለመሸከም እንዲመቻቸው ግንዱን አሳጥረው ይከታትፉታል። አንዴ ያጠረ እንጨት አይረዝምምና ምን እንደሚፈልጉ ቀድመው ይንገሯቸው። ውፍረቱ 25 ሳንቲ ሜትር የሚያልፍና ቀጥ ያለ ግንድ ለጣውላ ስለሚሆን ከ1.2 እስከ 2.5 ሜትር ርዝመት ይተዉት። ከ8 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር የሚወፍረው ለቋሚ፣ ለመቀመጫና ለመደርደሪያ እግር፣ ወፈር ያለው ደግሞ ተፈልጦ ለመሣሪያ እጀታ ይሆናል። ከ3 እስከ 8 ሳንቲ ሜትር ያለው ለተክል መደገፊያ ያገለግላል። ከዚያ የሚቀጥነው ጭራሮ ነው፤ እሱም ሥራ አለው። ለሥራ ከሚፈልጉት ርዝመት ላይ በሁለቱም ጫፍ 10 ሳንቲ ሜትር ይጨምሩ፤ ጫፉ መሰንጠቁ ስለማይቀር ኋላ ተቆርጦ ይጣላል።

የጓሮ ዛፍ ከጫካ ዛፍ የሚለይበት አንድ ነገር ውስጡ ብረት ሊኖር መቻሉ ነው። ከዓመታት በፊት የተመታ ሚስማር ወይም የልብስ ማስጫ ሽቦ እንጨቱ አድጎ ይውጠዋል። የተቆረጠው ገጽ ላይ ሰማያዊ ጥቁር የሚመስል እድፍ ካዩ በአቅራቢያው ብረት አለ ማለት ሊሆን ይችላል። መጋዝ ከማስገባትዎ በፊት ግንዱን በጠንካራ ማግኔት ይዳስሱት።

የማይነኩ ዛፎችም አሉ። ኦሊያንደር የሚባለው ሮዝ ወይም ነጭ አበባ የሚያወጣ ቁጥቋጦ መርዛማ ነው፤ ለማገዶ አይሆንም፣ ማማሰያም አይሠራበትም። ቅንጭብ ሲቆረጥ የሚወጣው ነጭ ወተት ዓይን ውስጥ ከገባ ከባድ ጉዳት ያደርሳልና መነጽርና ጓንት ሳያደርጉ አይቁረጡት።

2. ጫፉን በዚያው ቀን ይድፈኑ

ውሃ ከእንጨት ውስጥ በጫፉ በኩል የሚወጣው ከጎኑ ይልቅ በብዙ እጥፍ ፈጥኖ ነው። ጫፉ ቶሎ ደርቆ ሲኮማተር መሐሉ ገና እርጥብ ስለሆነ አብሮት አይኮማተርም፤ መሰንጠቅ የሚጀምረውም ከዚያ ነው። መከላከያው ቀላል ነው። የቀለጠ ሰም ወይም የተረፈ የዘይት ቀለም በሁለቱም ጫፍ ሁለት ጊዜ ይቀቡ፤ ከ3 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ጎኑም ያስተርፉ። ሳምንት አቆይቶ መቀባት ዋጋ የለውም፤ ስንጥቁ ከቀለሙ ይቀድማል።

ክብ ቁራጩን እንዳለ አድርቆ የጠረጴዛ ገበታ ለማድረግ የሚያስቡ ብዙዎች ናቸው። ብዙ ጊዜ አይሳካም፤ ምክንያቱም እንጨት የእድገት ቀለበቱን ተከትሎ ሲኮማተር ከቅርፊት ወደ እምብርት ከሚኮማተረው በግምት እጥፍ ነው። ክቡ ላይ ያለው ውጥረት መውጫ ሲያጣ ከቅርፊቱ ሰፍቶ ወደ እምብርቱ የሚጠብ፣ የተቆረሰ ዳቦ የመሰለ ስንጥቅ ይከፍታል። የግድ ክብ ከፈለጉ ከቅርፊቱ እስከ እምብርቱ አንድ ቦታ በመጋዝ ይክፈቱት፤ ስንጥቁ እዚያው ይሰበሰባል፣ ሲደርቅ ክፍተቱን በሽብልቅ ይሞሉታል። ከዚህ የሚሻለው ግን ግንዱን በእምብርቱ በኩል ለሁለት መፍለጥ ነው። ግማሽ ግንድ ውጥረቱን ያራግፋል፣ ቶሎ ይደርቃል፣ ለወንበርም ለመደርደሪያም ይሆናል።

ቅርፊቱን በተቆረጠ በቀናት ውስጥ ይላጡ። ትኩስ ሲሆን እንደ ልጥ ተያይዞ ይነሳል፤ ከደረቀ በመጥረቢያ መጥረብ ያስፈልጋል። ነቀዝ ቤቱን የሚሠራው ቅርፊቱ ሥር ነው።

3. ጣውላውን ቀስ ብለው ያድርቁ

ጣውላው ለመድረቅ የሚደረደርበት መደብ ከመሬት 40 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለና የተስተካከለ ይሁን። በየድርድሩ መካከል 2 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያላቸው፣ እኩል የሆኑና የደረቁ በትሮች በየ40 ወይም 50 ሳንቲ ሜትሩ ያጋድሙ። በትሮቹ ከታች እስከ ላይ በአንድ ቀጥታ መስመር መቆም አለባቸው። አንዱ ከመስመሩ ከወጣ ጣውላው እዚያ ይጎብጣል፣ ከደረቀ በኋላም አይቃናም። ከላይ ድንጋይ ይጫኑ፣ ዝናብ እንዳይነካው ይሸፍኑት፣ ጎኑን ግን ለነፋስ ይተዉት። በላስቲክ የተጠቀለለ እንጨት ይሻግታል።

ለየ2.5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት አንድ ዓመት ይገምቱ። ከዚያም ቤት ውስጥ ጥቂት ሳምንታት ሳይሠራበት ይቆይ። ባህር ዛፍ በዚህ ሁሉ ጥንቃቄም ያስቸግራል፤ ግንዱ ውስጥ ያለው ውጥረት ከፍተኛ ስለሆነ ገና በመጋዝ ሲሰነጠቅ ጣውላው ይለመጣል። ለጣውላ ከመታገል ይልቅ እንደ ምሰሶ ወይም እንደ ፍልጥ መጠቀሙ ይሻላል፤ የሚፈለጠውም እርጥብ ሳለ ነው፣ ሲደርቅ መጥረቢያ ይመልሳል።

4. ለመሬት የሚተከል ቋሚ

መሬት የገባ እንጨት መጀመሪያ የሚበሰብሰው አፈሩ ወለል ላይ ነው፤ አየርና እርጥበት የሚገናኙት እዚያ ነውና። የሚቆየው የግንዱ ልብ ነው፤ ለምሳሌ የጥድና የወይራ ልብ። ከልቡ ውጪ ያለው ነጣ ያለ ክፍል የየትኛውም ዛፍ ቢሆን ቶሎ ይበሰብሳል። አቮካዶና ማንጎ ለዚህ አይሆኑም፤ ቤት ውስጥ ለሚቀመጥ ዕቃ ያውሏቸው። ጫፉን በእሳት መጥበስ ብቻውን አያድነውም፤ እንጨቱ ሲሰነጠቅ ያልተጠበሰው ውስጡ ለእርጥበት ይጋለጣል።

5. እጀታ አሠራር

ከጓሮ እንጨት ከሚሠራው ሁሉ በጣም የሚያዋጣው የመሣሪያ እጀታ ነው። ጉጥ የሌለበት፣ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር የሚወፍር ጠንካራ እንጨት ይምረጡ፤ ወይራ ጥሩ ነው። በመጋዝ አይሰንጥቁት፤ በሽብልቅ ለአራት ይፍለጡት። መጋዝ የእንጨቱን ጭረት፣ ማለትም በቁመቱ የሚሄደውን የክሮቹን መስመር፣ አቋርጦ ይሄዳል፣ ሽብልቅ ግን ጭረቱን ይከተላል። ጭረቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሄደ እጀታ ምቱን ይችላል፣ ጭረቱ ጎኑ ላይ የሚያልቅ ግን በዚያው መስመር ይሰበራል። እምብርቱን ያካተተውን ጠርዝ ጠርበው ይጣሉ።

ፍላጩን 5 ሳንቲ ሜትር ያህል አራት ማዕዘን አድርገው ይጥረቡትና ጫፉን ደፍነው ጥላ ውስጥ ያቆዩት። በየሳምንቱ ይመዝኑት፤ ክብደቱ መቀነሱን ሲያቆም ደርቋል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፦ እርጥቡን እጀታ ብረቱ ውስጥ ይመታዋል፣ ያኔ ጥብቅ ይላል፣ ወር ሳይሞላ ተኮማትሮ ብረቱ ይወልቃል። መሣሪያው ከፍ ብሎ ሲነሳ ብረቱ መውለቁ ለሰው አደጋ ነው። ከደረቀ በኋላ ውፍረቱን ወደ 3.5 ሳንቲ ሜትር ያውርዱ፣ በመስተዋት ስባሪ ወይም በብርጭቆ ወረቀት ያልሱት፣ የተልባ ዘይት ይቀቡት። የቀቡበትን ጨርቅ ጠቅልለው አይጣሉ፤ የተልባ ዘይት ሲደርቅ ሙቀት ስለሚፈጥር የተጨመደደ ጨርቅ በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። ውጪ ዘርግተው ያድርቁት።

6. ማገዶና ጭራሮ

ማገዶውን ከምድጃው 5 ሳንቲ ሜትር አሳጥረው ይቁረጡና ከ8 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ይፍለጡት። እንደ ዛፉ ዓይነትና እንደ አየሩ ከስድስት ወር እስከ ሁለት ዓመት ይፈልጋል። ሁለት ፍልጥ ሲጋጩ ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጡ ደርቀዋል፤ ዱብ ካሉ ገና ናቸው። እርጥብ ማገዶ ሙቀቱን የሚያጠፋው የራሱን ውሃ በማትነን ነው፣ ጭሱም ጭስ ማውጫው ላይ ጥቀርሻ ያጋግራል።

ጭራሮውን ከትፈው አትክልት ሥር ከ5 እስከ 8 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ይጎዝጉዙት፣ ከተክሉ ግንድ ግን 10 ሳንቲ ሜትር ያርቁት፤ ከነካው ቅርፊቱን ያበሰብሳል። ከአፈር ጋር አይቀላቅሉት፤ እንጨቱን የሚያበሰብሱት ረቂቅ ሕዋሳት ናይትሮጅኑን ይሻሙና ተክሉ ቢጫ ይሆናል። በበሽታ የሞተ ዛፍ ከሆነ ለጉዝጓዝ አያውሉት። የባህር ዛፍ ቅጠል የሌሎችን ተክሎች እድገት ስለሚያቀጭጭ ለብቻው ተከምሮ ወራት ይቆይ።

አመዱን ቀለምም ሆነ ኬሚካል ከነካው እንጨት የወጣ ካልሆነ አፈሩ ላይ ስስ አድርገው ይበትኑት። ኮምጣጣ አፈር ይጠቅመዋል፤ ከዩሪያ ጋር ግን አብረው አይጨምሩት፣ ማዳበሪያው በአሞኒያ ጋዝ መልክ ተንኖ ይሄዳል።