ካሮት ጎመን አይደለም፦ ጓሮ ላይ ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

አዲስ አበባ ውስጥ ጓሮ ያለው ሰው ሁሉ ጎመንና ቆስጣ ማብቀል አያቅተውም። ችግሩ ካሮትንም በዚያው እጁ መጀመሩ ነው። ጎመን ችግኙ ፈልቶ ይዛወራል፣ ፍግ በላይ በላዩ ቢጨመርለት ይወዳል፣ ቢጠማና ቢጠወልግም ውሃ ሲያገኝ ቀና ይላል። ካሮት በአንዱም አይስማማም። ሰፈር ውስጥ "እስኪ ና እየው፣ ምን ነካብኝ?" ተብዬ ስጠራ፣ አብዛኛውን ጊዜ የማገኘው በሽታም ተባይም ሳይሆን ይህንኑ የጎመን ልማድ ነው።

ችግኝ አፍልቶ ማዛወር የመጀመሪያው ነው። አይደረግም፤ በቃ። የካሮት ዋና ሥር ገና ቅጠሉ ሁለትና ሦስት ሳይሞላ ወደ ታች ይወርዳል፣ በኋላ የሚወፍረውም እሱው ነው። ሲዛወር ጫፉ ይቆረጣል። ጫፉ የተቆረጠ ሥር ደግሞ ይከፋፈላል እንጂ ቀጥ ብሎ አይወርድም። ክፋቱ ቅጠሉ አምሮ ማደጉ ነው፤ ባለቤቱ ሦስት ወር ሙሉ ደስ ብሎት ይከርምና ሲነቅለው ሁለትና ሦስት እግር ያለው ነገር ይወጣል። ዘሩ የሚዘራው እዚያው በሚያድግበት መደብ ላይ ነው። የካሮት ችግኝ እሸጣለሁ የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ገንዘባችሁን ያዙ።

ትኩስ ፍግም እንዲሁ ሥሩን ይከፋፍለዋል፣ ጸጉራምም ያደርገዋል። ለካሮት ጥሩው ቦታ ባለፈው ጊዜ ፍግ ጠግቦ ጎመን ወይም ሰላጣ የተነሣበት መደብ ነው። የግድ ልጨምር ካላችሁ በደንብ የበሰለ ብስባሽ ይሁን፤ አፈር አፈር እንጂ በረት በረት መሽተት የለበትም። ዩሪያ የሚነሰንሱም አይቻለሁ። ቅጠሉ ይፋፋል፣ ሥሩ ይቀጭጫል፤ የምትበሉት የቱን እንደሆነ አስቡ።

አፈሩን 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ሳይቆፍሩና ሳያለሰልሱ መዝራት ሌላው ነው። የከተማ ግቢ ከላይ አፈር ይመስላል እንጂ ከስሩ ጠጠር፣ የሲሚንቶ ፍርካሽ፣ የብሎኬት ስባሪ ነው፤ ግንበኛ ጥሎት የሄደው ሁሉ እዚያ አለ። ሥሩ አንዱን ሲነካ ይጣመማል ወይም ለሁለት ይከፈላል። ቦሌ፣ ሰሚት፣ አያት በኩል ጥቁር አፈር ላይ ያላችሁ ደግሞ መደቡን አንድ ስንዝር ከፍ አድርጋችሁ አሸዋና ብስባሽ ቀላቅሉበት፤ ያ አፈር ሲርስ ሥሩን ያፍነዋል፣ ሲደርቅ ተሰንጥቆ ይበጥሰዋል። እንዲህ ላለው ቦታ «ሻንተኔ» የሚባለው አጭርና ወፍራም የካሮት ዝርያ «ናንተስ» ከሚባለው ረዘም ያለ ዝርያ የተሻለ ይሆናል። ኮንዶሚኒየም በረንዳ ላይ ያላችሁ የማዳበሪያ ጆንያ ተጠቀሙ፤ ግን አፈሩ ከ30 ሴንቲ ሜትር አይነስ፣ ታቹም ይበሳ።

ገበያ ላይ ተዘርግፎ በማንኪያ የሚሰፈር ዘር አትግዙ። የካሮት ዘር ቶሎ የሚያረጅ ነው፤ ስንት ዓመት እንደቆየ ደግሞ ከሻጩ አታገኙም። በእጃችሁ ያለውን ከተጠራጠራችሁ 20 ፍሬ በረጠበ ሶፍት ጠቅልላችሁ ፌስታል ውስጥ ክተቱና ሞቅ ያለ ቦታ አኑሩት። በ10 ቀን ግማሹ ካላጎነቆለ መደቡን አታድክሙበት።

ሲዘራ ከ1 ሴንቲ ሜትር በላይ ጠልቆ መቀበር የለበትም። ከደረቅ አሸዋ ጋር ቀላቅላችሁ በመስመር አፍሱት፣ በመስመሮቹ መካከል አንድ ስንዝር ተዉ። ከዚያ በኋላ ያለው ትዕግሥት ነው። ጎመን በሳምንት ብቅ ስለሚል ሰው ካሮትንም በሳምንቱ ይጠብቃል፤ ሁለት ሳምንት ይፈጃል፣ ሲበርድ ሦስት። በ8ኛው ቀን "ዘሩ የሞተ ነው" ብሎ መደቡን ገልብጦ ሰላጣ የተከለበት ሰው አውቃለሁ፤ ከሰላጣው መሀል ካሮት ሲወጣ ተደነቀ። በእነዚያ ሳምንታት የአፈሩ ፊት አንድ ቀን እንኳ ደርቆ ቅርፊት ከሠራ ደቃቋ ቡቃያ ሰብራው አትወጣም። በጎማ ማጠጣትም ዘሩን ጠርጎ አንድ ጥግ ያከማቸዋል። ክዳኑ በመርፌ የተበሳሳ ሃይላንድ ይበቃል፣ ጠዋትና ማታ በስሱ። መደቡን በረጠበ ጆንያ መሸፈን እርጥበቱን ይይዛል፤ ግን ከ7ኛው ቀን ጀምሮ በየጠዋቱ ገለጥ አድርጋችሁ እዩ፣ አንዲት እንኳ ብቅ ካለች አንሱት።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ፦ አለማሳሳት፣ ማለትም ተጠጋግቶ የበቀለውን እየነቀሉ አለማራራቅ። የካሮት ዘር ደቃቅ ነውና የቱንም ያህል ብትጠነቀቁ ተደራርቦ ይወድቃል። ስለዚህ ከበቀለው አብዛኛው የተዘራው እንዲነቀል ነው። ይህን ስናገር ሁሉም "እሺ" ይላል፣ መደቡ አረንጓዴ ሲለብስ ግን እጁ ይታሰራል። ጎመናቸው ለሰፈሩ ሁሉ የሚተርፍ አንዲት እናት ጎረቤት አሉኝ። ካሮታቸው እንደ ሳር ጥቅጥቅ ብሎ ወጥቶ አየሁና "እማማ፣ ይሄ ሳይውል ሳያድር ይሳሳ" ብላቸው፣ "ልጄ፣ እግዜር ያበቀለውን ምን በወጣኝ ነቅዬ እጥላለሁ?" አሉኝ። እኔን ላለማስቀየም ከዳር ከዳር ጥቂት ቆነጠሩ። ሲደርስ ጠሩኝ። አንዱን ጨብጬ ስስብ ሦስት አብረው መጡ፣ እርስ በርስ ተጠማዘው፤ የወፈረው እንኳ ከትንሿ ጣቴ አይበልጥም። እማማ አገላብጠው አዩትና "ለሾርባ ይሆናል" አሉ። ማን ሊልጠው!

ስለዚህ ቁመቱ 5 ሴንቲ ሜትር ሲሆን አንዴ አሳሱ፣ በየመካከሉ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ይተርፍ። ሦስት ሳምንት ገደማ ቆይታችሁ ደግማችሁ 5 ሴንቲ ሜትር አድርሱት፤ በሁለተኛው የሚወጣው ለመቀንጠብ ይበቃል። መደቡ ደረቅ ከሆነ አስቀድማችሁ አርጥቡት፤ ከመንቀል ይልቅ በመቀስ ከአፈሩ እኩል መቁረጥም ይቻላል፣ የሚቀረው ሥር አይናጋም። የነቀላችሁትን ሌላ መደብ ላይ ልትተክሉት ካሰባችሁ ወደ ላይ ተመልሳችሁ ስለ ማዛወር ያልኩትን አንብቡ። ለዶሮ ስጡት።

ስታርሙ ደግሞ ተጠንቀቁ። መጀመሪያ የሚወጡት ሁለት ቅጠሎች ቀጫጭንና ረዣዥም ናቸው፣ ድንብላል የሚመስለው ቅጠል የሚመጣው ከእነሱ በኋላ ነው። ሳር መስሏቸው ካሮቱን ነቅለው አረሙን የተዉ ብዙ ናቸው።

አንገቱ ከአፈር ወጥቶ ፀሐይ ካገኘው አረንጓዴ ይሆናል፣ ይመራልም። ስትኮተኩቱ አፈር አልብሱት።

ውሃ አስጠምቶ አስጠምቶ በአንድ ቀን ማጥለቅለቅ ሥሩን ያፈነዳዋል።

ሐምሌና ነሐሴ ላይ አትዝሩ፤ ዶፉ ዘሩን ያጥበዋል፣ የበቀለውንም ቅጠሉን ያበሰብሰዋል። መስከረም ሲያልቅ ዝናቡ ገታ ሲል ጥሩ ነው፣ ውሃ ካላችሁ እስከ የካቲትም ይቻላል።

"ትንሽ ይወፍር" እያሉ ማቆየትም አለ። ከ3 እስከ 4 ወር ባለው ጊዜ አንገቱን ገለጥ አድርጋችሁ እዩት፤ ከወፈረ ንቀሉ፣ ከዚያ በኋላ መሀሉ እንጨት ይሆናል። እንደነቀላችሁ ቅጠሉን እዚያው ቁረጡ፣ ለዕይታ ያምራል ብላችሁ አታቆዩት። ከተነቀለ በኋላም ከሥሩ ውሃ መሳቡን አያቆምም፤ ማታ ከነቅጠሉ የገባ ካሮት ጠዋት ተልፈስፍሶ ነው የሚገኘው።