ባሚያው ማፍራት ሲያቆም፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱና መፍትሄው

ፀሐይና ውሃ እንዳልጎደለው አይታችኋል ብዬ ልነሳ።

ዘሩ አልበቀለም፦ ዘሩ አርጅቷል ወይም አፈሩ ቀዝቅዟል። ቢያንስ 18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እስኪሞቅ ጠብቁ፤ ሽፋኑ ጠንካራ ስለሆነ ዘሩን ውሃ ውስጥ አሳድሩት። ዓመቱ ያልተጻፈበትን የዘር እሽግ አትግዙ። ሻጩ ዓመቱን ደብቆ ሲያተርፍ የሚባክነው የእናንተ ወቅት ነው።

ቅጠሉ ለምልሞ አበባ የለውም፦ ናይትሮጅን በዝቶበታል፤ ዩሪያውን አቁሙ።

አበባው በማግስቱ ረገፈ፦ እንደ ዘመዱ እንደ ሂቢስከስ (የአጥር ግቢ ማስዋቢያ አበባ) አንዱ አበባ የሚቆየው አንድ ቀን ነው። አትደንግጡ።

ሲያፈራ ቆይቶ አቆመ፣ የተገኘውም ፍሬ እንጨት ሆነ፦ ከሁሉ በላይ የምጠራበት ችግር ይህ ነው፤ ምክንያቱም ሁልጊዜ ለማለት ይቻላል አለመልቀም ነው። አንድ አትክልተኛ በሽታ ገባበት ብሎ ረድፉን በሙሉ ሊነቅል ሲል ደረስኩ። ሰፋፊዎቹን ቅጠሎች ገለጥ ሳደርግ ስንዝር የሚያህሉ፣ ጠርዛቸው መሰንጠቅ የጀመረ ፍሬዎች ከግንዱ ጋር ተጣብቀው ቆመዋል። አንዱን ስፈለቅቀው ዘሩ ጠጥሮ ጠቁሯል። ተክሉ ዘር ማድረስ ከጀመረ ጉልበቱን ወደዚያ ያዞራል፤ አዲስ አበባ ለምን ያወጣል? ሌላዋ ደግሞ «እስኪፋፋ» እያለች በሳምንት አንድ ጊዜ ነበር የምትለቅመው። ባሚያ መፋፋት የለበትም!

የጃጀውን ሁሉ ዛሬውኑ ቁረጡ። ከዚያ በየሁለት ቀኑ ልቀሙ፤ አበባው በወደቀ ከ4 እስከ 6 ቀን፣ ርዝመቱ ከ7 እስከ 10 ሴንቲሜትር ሲሆን ደርሷል። ጫፉን ስትጫኑት ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ለጋ ነው፤ ከታጠፈ አልፎበታል። በቢላዋ ቁረጡ እንጂ አትጎትቱ፤ የግንዱ ልጥ አብሮ ይላጣል። ጓንትና እጅጌው ረጅም ልብስ ልበሱ፤ ጸጉሩ ቆዳ ያሳክካል። «ጸጉር የለውም» በተባለው ዝርያም አትታለሉ። በለቀማችሁበት እጅ ዓይናችሁን አትሹ።

ግንዱ ረዝሞ ቅጠል የቀረው አናቱ ላይ ብቻ ከሆነ፣ ከመሬት 30 ሴንቲሜትር ያህል አስቀርታችሁ ቁረጡት፤ ኮምፖስትና ውሃ ስጡት። ከቀሩት አንጓዎች አዳዲስ ቅርንጫፎች ያወጣል። ብርድ ሊገባ ሲል ግን አትሞክሩት። ዘር የምትፈልጉ ከሆነ አንድ ጤነኛ ተክል ለይታችሁ ሳትለቅሙ ተዉት።

ጉንዳን ግንዱ ላይ ይመላለሳል፦ ከቅጠሉ ሥር ክሽክሽ አለ፤ ጭማቂ የምትመጥ ጥቃቅን ተባይ ናት፣ ጉንዳኑም የሚመጣው ለምታወጣው ጣፋጭ ፈሳሽ ነው፤ በውሃ ግፊት አጥቡት።

ቀን ቀን ይጠወልጋል፣ ሥሩም አባብጧል፦ ኔማቶድ ነው፤ ሥር የሚወር፣ በዓይን የማይታይ የአፈር ትል። ከነሥሩ ነቅላችሁ አስወግዱ፤ በቦታው ቲማቲምም ሆነ ባሚያ አትትከሉ።