ፔዳል ወደ ኋላ ሲረገጥ የሚይዝ የብስክሌት ፍሬን፦ ችግሩና መፍትሄው

የዚህ ፍሬን ሥራ በሙሉ የሚከናወነው ከኋላ ጎማ ሞዞ (የጎማው መሃል ላይ ካለው ክብ ብረት) ውስጥ ነው። ወደ ፊት ሲረግጡ፣ የካቴናው ጥርስ የተገጠመበት እንደ ብሎን ጥምዝ ያለው ብረት መሃል ያለውን ኮኖ ስቦ ከሞዞው ጋር ያጣብቀዋል። ወደ ኋላ ሲረግጡ ደግሞ ኮኖው በተቃራኒው ሄዶ የፍሬን ሸራዎቹን ይከፍታል፤ እነሱም (ብረት ናቸው) የሞዞውን ግድግዳ ይይዛሉ። ኮኖው ወዲህና ወዲያ እንዲሄድ አብሮ መዞር የለበትም፤ እንዳይዞር የምትይዘው አንዲት ትንሽ ሞላ ናት።

ፔዳሉ ወደ ኋላ በባዶ ይዞራል፤ ወይም ወደ ፊት ሲረገጥ ያመልጣል
ሁለት የተለያዩ ብልሽቶች ይመስላሉ እንጂ መጀመሪያ የምትጠረጠረው ያቺው ሞላ ናት። ከላላች፣ ከተሰበረች ወይም የደረቀ ግራሶ መያዝ ከከለከላት ኮኖው አብሮ ይዞራል፤ ስለዚህ ወደ የትኛውም ጎን አይሄድም። ሞዞውን ፈተው በነጭ ጋዝ ይጠቡ፣ ሞላዋን ይቀይሩ። አሮጌዋን በፒንሳ አጥብቦ መመለስ ለጥቂት ቀን ብቻ ነው የሚያገለግለው። ሲፈቱ ዕቃዎቹን በወጡበት ቅደም ተከተል ጨርቅ ላይ ይደርድሩ፣ ፎቶም ያንሱ፤ በተለይ የኳሶቹ ማቀፊያ በየት በኩል እንደዞረ። ተገልብጦ ከገባ ጎማው እየተንገጫገጨ ይዞራል።

ፍሬኑ ዘግይቶ ይይዛል
ሞዞውን ከመክፈትዎ በፊት ውጪውን ይዩ። ካቴናው መሃሉ ላይ ሲነካ ከ1 እስከ 1.5 ሳ.ሜ. ያህል ከፍና ዝቅ ማለት አለበት፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ጎማውን ወደ ኋላ ስበው ያጥብቁ። ቀጥሎ ከሞዞው በግራ በኩል የሚወጣውን ጠፍጣፋ ብረት፣ የፍሬን ክንዱን ይመልከቱ። ክንዱ በፋሼታ (በማሰሪያ ቆርቆሮ) እና በብሎን ከብስክሌቱ ብረት ጋር ካልታሰረ ፍሬን በተያዘ ቁጥር ይወዛወዛል፤ ጨርሶ ከተፈታ ሊዞርና ጎማውን ሊቆልፍ ይችላል። በሽቦ ታስሮ የሚነዳ ብስክሌት አደገኛ ነው። ሁለቱም ደህና ከሆኑ ሸራዎቹ አልቀው ይሆናል።

ጎማው ይከብዳል፤ ሳይረግጡ ፔዳሉ አብሮ ይዞራል
ከዳር ኳሶቹን የሚያጠብቀው ኮኖ (ከላይ ካልነው የመሃል ኮኖ የተለየ ነው) ከልክ በላይ ጠብቋል። በስስ የኮኖ ቁልፍ ይዘው የላዩን ዳዶ ያላሉ፣ ኮኖውን የዙር ስምንተኛ ያህል ይመልሱ፣ ሳይለቁት ዳዶውን ያጥብቁ። ቸርኬው በእጅ ወደ ጎን ሲገፋ ለጥቂት ብቻ ቢነቃነቅ ትክክል ነው። ጎማውን ሲመልሱ መጀመሪያ የፔርኖውን (የመሃል ዘንጉን) ዳዶዎች፣ ከዚያ ፋሼታውን ያጥብቁ፤ ክንዱን በጉልበት አጣምመው ካሰሩት ግን ያስተካከሉት ሁሉ ይበላሻል።

ይጮኻል፤ በድንገት ይቆልፋል
ግራሶ የለውም። ሌላ ፍሬን ላይ ቅባት ጠላት ነው፣ እዚህ ግን ሸራዎቹም ስስ ግራሶ ይቀባሉ፤ አለበለዚያ ብረት ብረትን ይበላል። ሙቀት የሚችል ግራሶ ይምረጡ፤ ረጅም ቁልቁለት ተራውን አቅልጦ ያቃጥለዋል። በ1976 እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ፣ ማሪን ካውንቲ ውስጥ የተጀመረው የብስክሌት የቁልቁለት ውድድር «ሪፓክ» (በእንግሊዝኛ «እንደገና መሙላት») የተባለው፣ ከወረዱ በኋላ ሞዞውን ፈቶ እንደገና ግራሶ መሙላት ግድ ስለነበር ነው።

ካቴናው ከወለቀ ይህ ፍሬን የለም፤ ስለዚህ የፊት ፍሬንም ይግጠሙ። ከጥገና በኋላ የኋላውን ጎማ አንስተው ያሽከርክሩና ፔዳሉን በእጅ ወደ ኋላ ይጫኑ፤ ወዲያው መቆም፣ ሲለቁትም ወደ ፊት በቀላሉ መዞር አለበት።